የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ሕይወትና ለእኔ ያስተማረችኝ



በዓመት አንድ ጊዜ በሚወጣው በዚህ መጽሔታችን የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ መጻፍ የቆየ ልማድ ነው። እኔም ዘንድሮ በፈንታዬ የአንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ታሪክ ለመጻፍ ተነሣሁ። እርሷም ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ናት። ካረፈች ከ380 ዓመት በላይ ሆኗታል። ስሟን በቤተ ክርስቲያን የሰማችሁ ብዙዎች እንደምትኖሩ ዐውቃለሁ፤ ኑሮዋንና ሥራዋን በዝርዝር የምናውቅ ግን ጥቂቶች ነን። እኔ ራሴ እስከ ዐምና ድረስ ከማያውቁት ወገን ነበርኩ።

ታሪኳን ከመጀመሬ በፊት ስለ ራሴ ጥቂት መናገር ይኖርብኛል፤ አለዚያ ይህችን እናት ለምን እንደ መረጥኩ አይገባችሁም።

የተወለድኩት በዲንሾ በኩል ካለ ገጠር ነው። ጎባ ከተማ የምኖረው ከሁለት የአገሬ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። በባሌ ደጋ የሚገኝ የገጠር ተማሪ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ እኛም ስንቃችን በየሁለት ሳምንቱ ከወላጆቻችን ይመጣልናል። ውሃ ከቦኖ በተራ እንቀዳለን፤ ልብሳችንን ቅዳሜ ቅዳሜ ቶጎና ወንዝ ወርደን እናጥባለን፤ ማታ በአንድ መብራት ዙሪያ ተቀምጠን እናጠናለን።

በሰንበት ትምህርት ቤት ትጉህ ከሚባሉት አንዷ ነኝ። ጾም አልገድፍም፤ ቅዳሴ አላስታጕልም፤ ነጠላዬም ሁል ጊዜ የጸዳ ነው። ጮክ ብለው የሚስቁትንና በየመንገዱ ወሬ የሚያበዙትን ልጃገረዶች በልቤ እንቅ ነበር። ንጽሕና ማለት ከሌላው ራስን መለየት ነው ብዬ አምን ነበርና፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተለየሁ በሄድኩ ቍጥር ወደ እግዚአብሔር የቀረብኩ ይመስለኝ ነበር። በክፍላችን ጥግ ደግሞ ቍልፍ ያለው አንድ ሳጥን ነበረኝ። ስለዚህ ሳጥን ወደ ኋላ እናገራለሁ።

በዚህ ዐሳብ ላይ ሳለሁ ነው የሰንበት ትምህርት ቤታችን መምህር ወደ አማርኛ የተመለሰውን የወለተ ጴጥሮስን ገድል ያዋሱኝ። መጽሐፉን የተቀበልኩት በደስታ ነበር፤ ምክንያቱም እንደ እኔ ያለች ሌላ ሴት የማገኝበት መስሎኝ ነበር።

ወለተ ጴጥሮስ የተወለደችው በ1584 ዓ.ም. አካባቢ ነው። አባቷ ባሕር ሰገድ፣ እናቷ ክርስቶስ እበያ ይባላሉ። ዕድሜዋን አብዛኛውን ያሳለፈችው በጣና ሐይቅ ዙሪያ ቢሆንም፣ የዘር ሐረጓ የሚመዘዘው ከደቡብ፣ ከደዋሮና ከፈጠጋር ባላባቶች ነው። ደዋሮ በጥንቱ የአገር አከፋፈል የባሌ ጎረቤት ነበረ። ስለዚህ እኛ የባሌ ልጆች ይህችን እናት ፈጽሞ የሩቅ ሰው አድርገን ልንቈጥራት አይገባንም።

ወላጆቿ በቤተ መንግሥት የታወቁ ስለ ነበሩ፣ ገና በልጅነቷ ለአንድ ታላቅ መኰንን ተዳረች። ባሏ መልክአ ክርስቶስ ይባላል፤ ከዐፄ ሱስንዮስ አማካሪዎች አንዱ ነበረ። ወይዘሮ ሆና፣ ብዙ አገልጋይ በዙሪያዋ ቆሞላት፣ ሳይጐድልባት ትኖር ነበር። ነገር ግን ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ይህን ሐዘን የቀመሰች እናት ብቻ ታውቀዋለች። ከዚያ ወዲህ ልቧ ከዚህ ዓለም ክብር እየራቀ፣ የምንኵስናን ኑሮ እየናፈቀ ሄደ።

በዚያ ዘመን ኢየሱሳውያን የተባሉ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ወደ አገራችን ገብተው ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ ወደ እነርሱ ስላዘነበሉ፣ በአገሩ ታላቅ መከፋፈል ተነሣ። ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ይህን በመቃወም ከዐመፀኞቹ ጋር ተሰለፉና በ1609 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት ተገደሉ። መልክአ ክርስቶስ በዚያ ዘመቻ ከንጉሡ ወገን ነበረ። ወለተ ጴጥሮስ ባሏ በጳጳሱ ደም እጁ እንዳለበት ስታውቅ፣ ከእርሱ ጋር በአንድ ማዕድ መቀመጥና በአንድ ቤት መኖር አቃታት።

ከዚያ በፊትም አንድ ጊዜ ከቤቷ ወጥታ ነበር። ባሏ ግን ጭፍሮቹን ይዞ ተከተላትና የተጠጋችበትን ከተማ አጠፋ። በእርሷ ምክንያት ድኾች መከራ እንዲያገኛቸው ስላልወደደች ተመለሰች። ይህን ነገር ሳነብ ቆም ብዬ አሰብኩ። እኔ ብሆን ኖሮ፣ ለነፍሴ መዳን ብዬ ወጥቻለሁና የሌላው ነገር አይመለከተኝም የምል ይመስለኛል። እርሷ ግን የራሷን ቅድስና በሌሎች መከራ ልትገዛው አልፈለገችም።

የአቡነ ስምዖን ሞት ከተሰማ በኋላ ግን ማንም ሊያስቀራት አልቻለም። ዕድሜዋ ወደ 25 ዓመት ሲሆን፣ ጠጕሯን ተላጭታ፣ ጌጧን ጥላ፣ በጣና ዳርቻ ባለው በዘጌ መነኰሰች። በዚያው ወራት ገደማ እኅተ ክርስቶስ ከምትባል ሴት ጋር ተገናኘች። እኅተ ክርስቶስም እንደ እርሷ ባልና ቤት ትታ የመጣች ነበረች። ሁለቱ ከዚያ ቀን ጀምረው እስከ ዕለተ ሞት አልተለያዩም።

አሁን እኔን ያስደነቀኝ ቦታ ላይ ደረስን። ወለተ ጴጥሮስ ከመነኰሰች በኋላ ዋሻ ገብታ ብቻዋን የምትቀመጥ መስሎኝ ነበር። ገድሏ የሚተርከው ግን ሌላ ነው። ያች የመኰንን ሚስት አሮጌ ልብስ ለብሳ ከአገልጋዮች ጋር ገባች። እህል ፈጨች፤ እንጨት ለቀመች፤ ውሃ ተሸከመች። በቤቷ ሳለች ሌሎች ሲሠሩላት የነበረውን ሥራ ሁሉ በገዛ እጇ መሥራት ጀመረች። በወፍጮ ላይ ያልተንበረከከች ሴት በአንድ ጊዜ መጁን ስትይዝ እጇ ምን እንደሚሆን እናቶቻችን ያውቁታል።

እኔ ይህን ያነበብኩት፣ ውሃ የመቅዳት ተራዬ ሲደርስ እንቅልፍ የከበደኝ መስዬ በምተኛበት ሰሞን ነበር። ከሳነቴ የሚወርደው የጎባ የንጋት ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ የጀሪካኑም እጀታ ጣት ያደነዝዛል። ስለዚህ ተራዬን አንዷ ጓደኛችን ዝም ብላ ትሠራልኝ ነበር። እኔም ያን ጊዜ ከብርድ ልብሴ ውስጥ ሆኜ የዘወትር ጸሎቴን አደርስ ነበርና፣ ጸሎቴ ከእርሷ ውሃ መቅዳት የሚበልጥ ይመስለኝ ነበር።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀብለው ሕዝቡም እንዲቀበል ዐዋጅ አስነገሩ። ወለተ ጴጥሮስ ዝም አላለችም። ከቦታ ወደ ቦታ እየተዘዋወረች ሕዝቡ የአባቶቹን ሃይማኖት እንዳይለውጥ አስተማረች። ንጉሡም ተቈጥተው በችሎት ፊት አቆሟት። ዘመዶቿ ባይለምኑላት ኖሮ ትገደል ነበር። ከዚያም ወደ ዋልድባ ሄደች፤ በዚያም ማስተማሯን ስላልተወች እንደ ገና ተጠርታ ተያዘች። የካቶሊኮቹ አለቃ አልፎንሶ ሜንዴዝ ዐሳቧን ለማስለወጥ ብዙ ጊዜ ደክሞ ነበር፤ አልተሳካለትም። በመጨረሻ ዠበይ ወደ ተባለ ሩቅና በረሓ አገር በግዞት ተላከች፤ በዚያም ሦስት ዓመት ቈየች።

ንጉሡ ወደ ዠበይ የላኳት ከሰው ተለይታ እንድትረሳ ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ስደተኞችና በእምነታቸው የተነሣ የተገፉ ወንዶችና ሴቶች እርሷን ፍለጋ እየመጡ በዙሪያዋ ተሰበሰቡ። የመጀመሪያው ማኅበሯ የተመሠረተው በዚያ በግዞቱ ስፍራ ነው። ከዚያ ስትፈታ በጣና ዙሪያና በአካባቢው እየተዘዋወረች ሌሎችን ጨመረች፤ ጠቅላላ ቍጥራቸው 7 ማኅበር ደረሰ። ሴት ሆና ወንዶችንም ሴቶችንም ስለ መራች፣ በዘመኑ ከነበሩት ሊቃውንት አንዳንዶቹ ተቃውመዋት ነበር። ማኅበሩ ግን በእርሷ መመራቱን አልተወም።

እነዚህ ሰዎች ባለጠጋም ድኻም፣ ጨዋም አገልጋይም ነበሩ። እንደዚህ ያለውን ሕዝብ በአንድ ላይ ማኖር ቀላል አይደለም። ወለተ ጴጥሮስ ሥርዓት አወጣችላቸው። ወንዶቹና ሴቶቹ ተለያይተው ይኖራሉ፤ ሥራ ሁሉም ይሠራል፤ የታመመውን ያስታምማሉ። ከሁሉም በላይ ግን በማኅበሩ ውስጥ ማንም የእኔ የሚለው ነገር አይኖረውም። ምግቡ በአንድነት ይቀርባል፤ ለሁሉም በእኩልነት ይታደላል፤ ለብቻው ሸሽጎ የሚበላ አይገኝም። ይህ ሥርዓት የሐዋርያት ዘመን ክርስቲያኖች ይኖሩበት የነበረው ነው። ጥብቅ እናት ነበረች፤ የእርሷን ያህል ጥብቅ ሕግ ዛሬ ብዙዎቻችን የምንችለው አይመስለኝም። ነገር ግን ሌላውን የምታዝዘውን ሁሉ አስቀድማ ራሷ የምትሠራ ነበረች።

ይህን ክፍል ካነበብኩ በኋላ መጽሐፉን ዘጋሁት። ለምን እንደ ዘጋሁት አሁን ልንገራችሁ።

አብረን ከምንኖረው ሦስታችን አንደኛዋ፣ ያች ውሃ የምትቀዳልኝ፣ እናቷ የሞተችባት ልጅ ናት። ስንቋ ሁል ጊዜ ትንሽ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ሳይመጣ ይቀራል። የእኔ እናት ግን ለልጇ ሳስታ አታውቅም። እንጀራውንና ቆሎውን ከላከችልኝ በኋላ፣ የገብስ ጭኮ በደንብ በተነጠረ ቅቤ አሽታ ለብቻ ትቋጥርልኝ ነበር። እንጀራውንና ቆሎውን ለጋራ አወጣለሁ። ጭኮውን ግን በሳጥኔ ውስጥ ከደብተሮቼ ሥር ቈልፌ፣ ሌሊት ጓደኞቼ ሲተኙ በጨለማ እየቈረስኩ እበላ ነበር። ጠዋት አፌን ተጕመጕሜ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። በአንድ በኩል የምሸሽገው ነገር፣ በሌላ በኩል ንጽሕናዬ፣ ሁለቱ በአንድ ሰው ውስጥ ሳይተዋወቁ ይኖሩ ነበር።

ገድሉን ካነበብኩ በኋላ ወዲያው ተለወጥኩ ብላችሁ ሐሰት ይሆንብኛል። ወደ ሁለት ሳምንት ያህል ሳጥኔን እንደ ቈለፍኩ ቈየሁ። ለራሴም ምክንያት አላጣሁም። እናቴ የላከችው ለእኔ ነው፤ ከልብሴና ከደብተሬ የሚለይበት ምክንያት የለም፤ እኔ መነኩሲት አይደለሁም እያልኩ እከራከር ነበር። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ጭኮው እንደ በፊቱ አልጣፈጠኝም።

ኅዳር 14 ቀን ደረሰ። በማግሥቱ የነቢያት ጾም ይገባል፤ ዕለቱ ቅበላ ነው። በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሳጥኑን ከፍቼ የቀረውን ጭኮ ተመለከትኩት። ነገ ቅቤውን እጾማለሁ፤ መደበቁን ግን አልጾመውም ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ያለው ጾም ምን ዓይነት ጾም እንደ ሆነ ለራሴ መልስ ላገኝለት አልቻልኩም። ስለዚህ ማታ ራት ስንቀርብ ጭኮውን አውጥቼ በትሪው መካከል አስቀመጥኩትና፣ ከመስቀል ጀምሮ ስሸሽገው እንደ ነበር ነገርኳቸው። ፊቴ ይቃጠል ነበር።

ሁለተኛዋ ጓደኛዬ ደነገጠች፤ ጥቂትም ተቀየመችኝ፤ መቀየሟም ተገቢ ነበር። እናት የሌላት ጓደኛዬ ግን አልደነገጠችም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቅ ኖሯል። የምትተኛው ከሳጥኑ አጠገብ ስለ ነበረ፣ የተነጠረው ቅቤ ሽታ ሌሊት ሌሊት ይቀሰቅሳት ነበር። ዐውቃ ዝም አለች። ለሌላዋ አልነገረችም፤ ለአከራያችንም አላወራችም፤ ፊቷንም አላጠቈረችብኝም። እንዲያውም በየማለዳው በእኔ ተራ ጀሪካኑን ይዛ ወደ ቦኖ መሄዷን አላቋረጠችም።

ያን ማታ አንድ ነገር ተገለጠልኝ። በዚያች ክፍል ውስጥ ቅድስት ወለተ ጴጥሮስን የምትመስል ሴት ነበረች፤ እኔ ግን አልነበርኩም። መጽሐፉን ያነበብኩት እኔ፣ ሥራውን የምትሠራው እርሷ ነበረች።

የወለተ ጴጥሮስን የመጨረሻ ታሪክ ያነበብኩት ከዚህ በኋላ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1624 ዓ.ም. ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ፈቅደው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ለወለተ ጴጥሮስ የድል ቀን ነበረ። ወደ ቤተ መንግሥት ተመልሳ ክብር ልትቀበል በቻለች ነበር፤ እርሷ ግን ከማኅበሯ ጋር መኖርን መረጠች። ለሦስት ወር ያህል ታማ በ50 ዓመት ገደማ ዕድሜዋ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. ዐረፈች፤ በጣና ላይ ባለችው በሬማ ደሴትም ተቀበረች። ማኅበሩን መምራት ለእኅተ ክርስቶስ ተረፈ። ዐፄ ፋሲለደስ በጣና ምሥራቅ ዳርቻ በቆራጣ ለስሟ መታሰቢያ ገዳም የሚሆን መሬት ሰጡ፤ ቦታውም ለተሰደዱ ሰዎች መማጸኛ ሆኖ ኖረ። ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ ገላውዴዎስ የተባለ መነኵሴ እርሷን በዐይናቸው ካዩት ሰዎች እየጠየቀ ገድሏን በግእዝ ጻፈ። ይህም መጽሐፍ ዛሬ ከአገራችን ዐልፎ በውጭ አገር ቋንቋዎች ተተርጕሞ ይነበባል።

መታሰቢያዋ ኅዳር 17 ስለ ሆነ፣ ጾሙ በገባ በሦስተኛው ቀን መዋሉ ነው። ዐምና በዚያን ቀን እኔ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዴ በፊት ቦኖ ሄድኩ። ተራው የእኔ ነበረና። ታላቅ ነገር ሠራሁ ብዬ አልጽፈውም፤ ሰው ተራውን ቢሠራ ምስጋና አይገባውም። ነገር ግን ወረፋ ይዤ እጄን በትንፋሼ እያሞቅሁ ስቆም፣ በፊት የምንቃቸው እነዚያ ጮክ ብለው የሚስቁ ልጃገረዶች አንዲት አሮጊት ቀድመው እንዲቀዱ ቦታ ሲለቁላቸው አየሁ። ለካ እኔ ከእነርሱ ስለይ የተለየሁት ከክፉ ነገር ብቻ አልነበረም።

ውድ ጓደኞቼ፤ ከዚህች እናት ታሪክ የተማርኩት ነገር አጭር ነው። ንጽሕና ከሰው ተለይቶ የሚጠበቅ ዕቃ አይደለም። በሳጥን ተቈልፎ አይቀመጥም። ጾምና ጸሎት፣ ቅዳሴና ስግደት ለክርስቲያን የግድ ናቸው፤ ወለተ ጴጥሮስም ከሁላችንም ይልቅ ትጾምና ትጸልይ ነበር። ነገር ግን ጾሟ ወደ ወፍጮው፣ ጸሎቷም ወደ ጋራው ማዕድ ወሰዳት። እኛ መነኰሳት አይደለንም፤ ሁላችንም ዋልድባ አንገባም። ይሁን እንጂ ቦኖ በየሰፈሩ አለ፤ ስንቅ በየሳጥኑ አለ፤ በየክፍሉም ስንቁ የዘገየበት አንድ ሰው አይጠፋም። በፈተና ሰዓት ከጎረቤት አለመቅዳት፣ የተዋሱትን መጽሐፍ በጊዜው መመለስ፣ የሌላውን ነውር ዐውቆ ዝም ማለት፣ ይህ ሁሉ ከቅድስና መንገድ ውጭ አይደለም።

የጻፍኩት የክርስቲያን ታሪክ ነው። ነገር ግን በባሌ ምድር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎረቤት ሆኖ፣ በደስታም በሐዘንም ተጠራርቶ የሚኖር ስለ ሆነ፣ ሙስሊም ጓደኞቼም ጎረቤቱ እየተራበ ጠግቦ የሚያድር ሰው ምን እንደሚባል በየቤታቸው የተማሩት ነገር እንዳለ ዐውቃለሁ። በዚህ ነገር የምንለያይ አይመስለኝም።

ለእናቴ ደግሞ አንድ ቃል አለኝ። ይህን መጽሔት ታናሽ ወንድሜ ሲያነብላት ትሰማለች። እማዬ፣ ጭኮው ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚያልቅ ዘንድሮ ጠይቀሽኝ ሳልመልስልሽ ቀርቼ ነበር። መልሱ ይኸው ነው። ከቻልሽ ቋጠሮውን ጥቂት ከፍ አድርጊው፤ ካልቻልሽም ያው ይበቃናል፤ ለሦስት ይከፈላል።